በአሮጌ ላንድ ክሩዘር ወደ ሳነቴ፦ የዓድዋ ሰሞን ማስታወሻ

ከመንገዱ በፊት

መኪናዋ በፈረንጆች 1993 የተሠራች ላንድ ክሩዘር ናት። 75 የሚባለው ረጅሙ ዓይነት፤ ከኋላ ሰው ፊት ለፊት የሚያስቀምጡ አግዳሚ ወንበሮች ያሏት። ለብዙ ዓመት የአንድ እርዳታ ድርጅት ንብረት ነበረች፣ ከዚያ በጨረታ ወጣች። በሯ ላይ የተላጠው አርማ ቅርጹ አሁንም ፀሐይ ሲያርፍበት ይታያል። ሞተሯ ዋን ኤች ዜድ ነው። 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ናፍጣ። ኮምፒውተር የለባትም። ስትታመም የሚያናግራት ላፕቶፕ ሳይሆን ጆሮ ነው።

እንዲህ ዓይነት ባለሁለት ዲፈረንሻል፣ ማለትም አራቱንም ጎማ በሞተር የሚያስነዳ መኪና፣ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያምረው ጌጥ ነው። ፖርቶመጋላ፣ የፊት ብረት፣ ከሩቅ ዓይን የሚያጠፋ መብራት። እኔም የመብራት ዋጋ ጠያይቄ ነበር። አጎቴ ሰሙና ሳቁ። ጋሼ ነው የምላቸው። ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፤ ባሌን፣ ቦረናንና ኦጋዴንን በዚሁ ዓይነት መኪና ሲያዳርሱ ኖረዋል።

«መጀመሪያ የሚያቆምህን አሠራ» አሉኝ። «የሚያበራልህን ትደርስበታለህ።»

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዥ መዋል ሆነ ሥራችን። የኋላው የፍሬን ሸራ ተቀየረ። የባሌስትራ (መኪናዋን የሚሸከሙት ንብርብር ብረቶች) ጎሚኒዎቹ ደርቀው ተሰነጣጥቀው ነበር፣ እነሱም ወጡ። ራዲያተሩ ታጠበ፤ የወጣው ውሃ ቀለሙ የሻይ ነበር። ከሁሉ ብዙ ጊዜ የወሰደው የፊት ጎማዎቹ ፍሪ ዊል ነው። እነዚህ መኪኖች ላይ ፎር ዊል ለማስገባት ከመኪና ወርደህ የፊት ሁለቱን ጎማዎች መሀል ላይ ያለውን ነገር በእጅህ ታዞራለህ። ከዚያ ገብተህ ማርሹን ትስባለህ። የእኛዋ ግራው ይዞራል፣ ቀኙ ድንጋይ ሆኗል። ሲፈታ ውስጡ ያለው ግራሶ ደርቆ ሳሙና መስሎ ነበር። በናፍጣ ታጥቦ አዲስ ግራሶ ተቀባና በሁለት ጣት የሚዞር ሆነ። መኪናዋን ከያዝኳት ወዲህ እንደዚያ ቀን የረካሁበት ሥራ ትዝ አይለኝም። መብራቱ እስካሁን አልተገዛም።

ዓርብ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ዲንሾ

ዓድዋ ሰኞ ስለዋለ፣ ባሌ ተራሮች ላይ ወዳለው የሳነቴ ሜዳ ለመሄድ ዓርብን ፈቃድ ወሰድኩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ወጣን። እኔ፣ ጋሼ፣ ካሜራ ከአንገቱ የማይወርድ አንድ ባልንጀራዬ። ከኋላ ሁለት ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክ፣ ካቦ፣ ትርፍ የሞተር ቺንጋ፣ ትርፍ የናፍጣ ፊልትሮና ጋሼ ራሳቸው ያሰናዱት የመፍቻ ሳጥን አለ። የጾም ስንቁ ሌላ ነው። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጥመዋል። ጋሼ ጿሚ ናቸው፤ የምንሄድበት አገር ደግሞ አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ ምግብ ቤት ተማምኖ መውጣት አያዋጣም ብለን ዳቦ ቆሎ፣ በሶና ብርቱካን ጭነናል።

የአዲስ አዳማው ፈጣን መንገድ ለዚህች መኪና ፈጣን አይደለም። 80 ላይ ይመቻታል። 100 ላይ ወሬ መስማት አይቻልም። ሚኒባስ ሳይቀር እያለፈን አዳማ ደረስን። ከዚያ አዋሽ መልካሳን፣ ዴራን፣ ኢተያን አልፈን ወደ አሰላ ሽቅብ። ሻሸመኔን ዞሮ መሄድም ይቻላል። ጋሼ ግን የአርሲን መንገድ ይወዳሉ፤ ለሞተሩም ይሻለዋል ይላሉ፣ ቀስ በቀስ ስለሚወጣ።

ማደያ ላይ ሰልፍ ነበር። ናፍጣ በጀሪካን መቅዳት ስለማይፈቀድ ባለ ሁለት ታንከር መኪና ክብሯ እዚህ ጋ ነው የሚታወቀው። አንዱ 90 ሊትር፣ ሌላው 90 ሊትር። አንደኛው አዲስ አበባ ሞልቷል። ሁለተኛውን መንገድ ላይ ካለች አንዲት ከተማ ሞላነው፣ በቴሌብር ከፍለን ወጣን። ይህን ማደያ አስታውሱት፤ ነገ እንመለስበታለን።

በቆጂ ስንደርስ ረፋድ ሆኗል። ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ የወጡባት ከተማ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው። በመንገዱ ዳር ቱታ የለበሱ ልጆች ተከታትለው ይሮጣሉ። እኛ በሦስተኛ ማርሽ እያቃሰትን ስንወጣ አንዷ ከጎናችን ደርሳ ለትንሽ ጊዜ እኩል ሮጠች። ባልንጀራዬ ካሜራውን ሲያነሳ ሳቀችና ፍጥነት ጨመረች። ቀደመችን።

አሳሳ፣ ዶዶላ፣ አዳባ። ሜዳው የስንዴና የገብስ ነው፤ ምርቱ ተሰብስቦ ገለባው ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ ክፍል ብዙ የምለው የለኝም፤ አስፋልት ነው፣ ተኛሁበት። ጋሼ ነዱ።

ዲንሾ ወደ 10 ሰዓት ገባን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚህ ነው። በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የመግቢያውን ከፍለን አስጎብኚ ያዝን፣ የዚሁ የዲንሾ ልጅ ነው። ማታ ላይ ከግቢው ጥዶች ሥር ደጋ አጋዘኖች ሲግጡ አየን። ወንዱ ቀንዱ ተጠማዞ ይወጣል፣ ቁመቱ የሚያስደነግጥ ነው። ሰው አይፈሩም። ይህ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፤ እዚህ ደግሞ ከርከሮ እየተጋፋው ይግጣል።

ሌሊቱ ከባድ ብርድ ነበር።

ቅዳሜ፦ ጎባ፣ ሳነቴ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ሪራ

ጠዋት መኪናዋ አልነሳም አለች፣ ትንሽ። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጋሼ ቁልፉን ከፍተው የማሞቂያው መብራት እስኪጠፋ ጠበቁ፣ ዘጉት፣ ደግመው ከፈቱት። ከዚያ አስነሱ። ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው፣ ሞተሩ ለትንሽ ጊዜ በሦስት እግሩ ሄደ፣ ከዚያ ተስተካከለ። ነጭ ጭስ በብርድ ጠዋት አያስፈራም። ያልሞቀ ሲሊንደር ውስጥ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ሲሞቅ ይጠፋል።

ከሮቤ ጎባ ቅርብ ነው። ከጎባ በኋላ አስፋልቱን ትተን ጠጠር ያዝን። እዚህ ወርጄ ሁለቱንም ፍሪ ዊል አዞርኩ። ቀኙ እንዴት ዞረልኝ መሰላችሁ።

ዳገቱ ሲጀመር መጀመሪያ ጥድና ኮሶ ነው፣ ከዚያ ቢጫ አበባ ያለው አሜጃ፣ ከዚያ አስታ። አስታው እያጠረ እያጠረ ይሄድና ድንገት ያልቃል። ሰማይ ብቻ ይቀራል።

መኪናዋ በዚህ መሀል ጥቁር ጭስ ማውጣት ጀመረች። ይህም ይጠበቃል። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኛትን አየር ብቻ ነው የሚስበው። 4,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር በሲሶ ያህል ይሳሳል። የእኛ የናፍጣ ፖምፓ ይህን አያውቅም፤ የለመደውን ናፍጣ ይልካል። አየር ያጣው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታ ይወጣል። ጉልበትም አብሮ ይወርዳል። መድኃኒቱ ነዳጁን መርገጥ ሳይሆን ማርሽ ወርዶ እግርን ማቅለል ነው። ጋሼ በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን በግማሽ እግር ይዘው፣ ቀስ ብለው ወጡ።

ሜዳው ላይ ከወጣን በኋላ ጭሱ ቆመ።

«ዳነች!» አለ ባልንጀራዬ ከኋላ።

ጋሼ መልስ አልሰጡም። ሞተሩ ለጥ ባለ መንገድ ላይ ይሳብና ይለቀቃል፣ ይሳብና ይለቀቃል። ዳር ይዘው አቆሙ።

«እያጨሰች ብትደክም የአየር ነው» አሉ። «ሳታጨስ ከደከመች ናፍጣ አልደረሳትም ማለት ነው።»

ኮፈኑ ተከፈተ። የናፍጣው ፊልትሮ ሥር ያለችውን መክፈቻ አላልተው ጣሳ ደገኑባት። መጀመሪያ የወጣው ውሃ ነው። ቀጥሎ ቡናማ ዝቃጭ። የትናንቱ ማደያ ስጦታ መሆኑ ነው። ፊልትሮውን ፈተው ያመጣነውን አዲስ ገጠሙ። ፊልትሮው አናት ላይ የእጅ ፖምፓ አለ፤ እሱን እየተጫኑ አየሩ ወጥቶ እስኪጠነክር ድረስ ገፉት። ከዚያ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ማብሪያ ተጭነው ወደ አዲስ አበባው ታንከር አዞሯት። ሁለተኛው ታንከር ሮቤ ስንመለስ እስኪራገፍ ድረስ ታሸገ።

እኔ ጣሳ እየያዝኩ ሳለ አስጎብኚው ትከሻዬን ነካ አደረገና በአገጩ ጠቆመኝ።

ከመንገዱ ትንሽ ራቅ ብሎ ቀይ ቀበሮ ቆሟል። እግሮቹ ረጃጅም ናቸው፣ አንገቱ ሥር ነጭ። ወደ እኛ አንዴ አየና ተወን። ሙሉ ሐሳቡ መሬቱ ላይ ነው። ሳነቴ ላይ ያለው ትልቁ ፍልፈል ከባሌ ውጪ አይገኝም። ከጉድጓዱ አንገቱን ብቅ ያደርጋል፣ ሣር ይነጫል፣ ይገባል። ቀበሮው ሆዱን መሬት አስነክቶ አንድ እግር ያነሳል፣ ይቆማል፣ ሌላውን ያነሳል። እኛ ትንፋሻችንን ያዝን። ዘለለ። ሳተው። አቧራውን አራገፈና ሌላ ጉድጓድ ጋ ሄዶ ቆመ፣ እንደገና ከዜሮ።

በዓለም ላይ የቀረው አዋቂ ቀይ ቀበሮ ከ500 አይበልጥም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። አስጎብኚው እንደነገረን ትልቁ ጠላታቸው ሰው ሳይሆን የእረኞች ውሻ የሚያመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ ውሾቹ ይከተባሉ። በፈረንጆች ከ2018 ጀምሮ ለቀበሮዎቹም በሚበላ ነገር ውስጥ ክትባት ይሰጣል። ሌላው አደጋ መኪና ነው። መንገዱ ፓርኩን ለሁለት ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው፤ አንዳንዱ ሹፌር ሜዳ ስላገኘ ይጋልባል። ከመንገድ ወጥቶ ሣሩ ላይ መንዳት ክልክል ነው፣ መሆንም አለበት። ባለሁለት ዲፈረንሻል ያለው ሁሉ በየሜዳው ጎማ ካልጻፈ የወጣ የማይመስለው ነገር አይገባኝም።

ቱሉ ዲምቱ የሚባለው ተራራ ላይ ለመውጣት ከዋናው መንገድ የሚገነጠል የድንጋይ መንገድ አለ። ጋሼ መሪውን ለእኔ ሰጡኝ። ፎር ዊሉን ዝቅተኛው ላይ አስገባሁ፣ ሁለተኛ ማርሽ። እግሬን ከነዳጅ ላይ አነሳሁ ማለት ይቻላል፤ መኪናዋ በራሷ ትወጣለች። ድንጋዩ ከሥር ይንኳኳል፣ ባሌስትራው ይጮሃል፣ እሷ ግድ የላትም። ጥቁር ጭሱ ተመልሶ መጣ፣ በዚህ ጊዜ ደስ አለን። 4,377 ሜትር። ጫፉ ላይ የመገናኛ አንቴና ቆሟል፤ ነፋሱ በር አያስከፍትም። በእግር የወጣ ሰው ላቡን ጠርጎ በሚያርፍበት ቦታ መኪና ማቆም ትንሽ ያሳፍራል። ዙሪያውን ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም ተክሎች እንደ ዘበኛ ተተክለዋል። ራሴን ስላመመኝ ብዙ አልቆየንም።

ከሜዳው ወደ ሪራ መንደር መውረጃው ግን ሌላ ነገር ነው። መሬቱ ድንገት ያልቅና ሥርህ ደመና ይሆናል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ አስታው ጫካ ይወድቃል። የቅዳሜዎቹ የፍሬን ሥራ ለዚህ ነበር፣ ግን ጋሼ ፍሬኑን እምብዛም አልነኩትም። ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው ሞተሩ ራሱ እንዲይዛት ተዉት። አንድ ጭነት መኪና ዳር ይዞ ቆሞ ስናልፈው የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ መስኮታችን ድረስ መጣ።

ሪራ የደረስነው መግሪብ ሊል ሲል ነው። አስጎብኚው ዘመዶቹ ቤት ወሰደን። ቤቱ ውስጥ ለማፍጠር ተሰናድተዋል፤ ተምር፣ ሾርባ፣ የገብስ ገንፎ በቅቤ። የቤቱ እናት ለጋሼ ሳህኑን ሲያቀርቡ ጋሼ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እኛም ጾም ላይ ነን» አሉ። ሴትዮዋ ሳቁና ሳህኑን መለሱ። ትንሽ ቆይተው ቅቤው ቦታ የሀረና ማር የፈሰሰበት ሌላ ገንፎ ይዘው መጡ። ቡናው የጫካ ቡና ነው፣ ከታች ከሀረና የተለቀመ። ሦስተኛው ሲኒ ድረስ ስለ ጾም ሰዓት፣ ስለ ዝናብና ስለ መኪናዋ ተወራ። የቤቱ ጌታ ይህችን የመሰለች መኪና ድሮ ክትባት ይዛ ትመጣ እንደነበር ነገሩን።

እሁድ፦ ሀረና፣ ደሎ መና

ከሪራ በታች ያለው የሀረና ጫካ ነው። ጠዋት ጉም ነበር። ትልልቅ ዛፎች ሽበት ከሚመስል የዛፍ ጢማቸው ጋር ከጉሙ ውስጥ ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ። ቀፎዎቹ ከዛፍ አናት ላይ ተሰቅለዋል። ባለቤቶቹ በገመድ ነው የሚወጡት። እንዴት እንደሆነ አንዱን ቀና ብዬ አይቼ ሆዴ ባባ።

መንገዱ እርጥብ ነበር፣ በየቦታው ጭቃ። የጎማውን ነፋስ ትንሽ ቀነስነው። ብዙ ሰው ይህን አያደርግም፤ ጭቃ ሲያይ ነዳጅ ይረግጣል። ነፋስ የጎደለው ጎማ መሬቱን ሰፋ አድርጎ ይይዛል፣ ድንጋዩም ላይ ለወገብ ይሻላል። ሲመለሱ የሚነፉበት ነገር መያዝ ግን ግድ ነው። የእኛ ባትሪ ላይ የሚሰካ ትንሽ መንፊያ ነው፤ ጩኸቱ ከሥራው ይበልጣል።

ወደ ታች ስንወርድ ቀርከሃው መጣ፣ ከዚያ ከጥላ ሥር የጫካው ቡና። ሹራብ ወለቀ። ቀጥሎ መስኮት ተከፈተ። ደሎ መና ስንደርስ ሙቀት ነው፣ ግመል አለ፣ ግራር አለ። ትናንት ቱሉ ዲምቱ ላይ ጓንት አድርገን ነበር። በአንድ ቅዳሜና እሁድ ከ4,300 ሜትር ወደ 1,300 ገደማ መውረድ የትም አገር የሚገኝ ነገር አይመስለኝም።

የሚበላ ቤት ክፍት አልነበረም፣ እንደ ጠበቅነው። መኪናዋ ጥላ ውስጥ በሶ በጥብጠን በላን። ገበያው ላይ ቡናና ማር ገዛን። ጋሼ ማሩን ቀመሱ፣ ዋጋ ተከራከሩ፣ ተዉት፣ ተመለሱ፣ ገዙት።

ከዚያ ያንኑ መንገድ መልሶ መውጣት። ይህን ክፍል ማንም አይነግርህም። 3,000 ሜትር ያህል ዳገት ነው፣ ከሰዓት በኋላ፣ በሞቀ ሞተር። የራዲያተሩን መታጠብ ያመሰገንኩት እዚህ ነው። የሙቀት መለኪያው ከመሀል ከፍ ብሎ አልሄደም። ሳነቴ ላይ ስንወጣ ጉም ወርዶ ከፊታችን ያለው መንገድ ጠፋ። ያ ሳልገዛው የቀረሁት መብራት ቢኖር ኖሮ ጉሙን ነጭ ግድግዳ አድርጎ መልሶ ዓይናችን ላይ ነበር የሚጥለው። ዝቅተኛውን መብራት አብርተን፣ ባልንጀራዬ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የመንገዱን ጠርዝ እየነገረን፣ በሰው እርምጃ አለፍን። ጎባ በምሽት ገባን፣ አልጋ ይዘን ተኛን።

ሰኞ፦ መልስ

ሮቤ ላይ አንድ ጋራዥ ደጅ የተዘጋውን ታንከር አራገፍን። ከሥሩ የወጣው ውሃ አንድ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ይሞላል። ልጁ አይቶ «ይህማ ናፍጣ አይደለም፣ ሾርባ ነው» አለ።

ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ዓድዋ ነበር። ፉከራ፣ ቀረርቶ፣ የእምዬ ምኒልክና የጣይቱ ስም። ዶዶላ ላይ ነጭ የለበሱ ተማሪዎች ባንዲራ ይዘው አስፋልቱን አቋርጠው እስኪያልፉ ቆመን ጠበቅን። ጋሼ ከፈረስ የባሰ አዝጋሚ ነን እያሉ ራሳቸው ይነዱ ነበር።

አሰላ ጎሚስታ ጋ ነፋስ ስናስሞላ ልጁ ጎንበስ አለና የቀኝ የፊት ጎማውን ከውስጥ በኩል አሳየኝ። ግራሶና ዘይት ተቀላቅሎ የጎማው መታጠፊያ ኳስ ላይ ይንጠባጠባል። ፓራዮሉ (ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ) ለቋል። ከዲፈረንሻሉ ያለው ዘይት ግራሶውን እያጠበ ይወጣል ማለት ነው። ለቤት የሚያደርስ ነው፣ ለሚቀጥለው ጉዞ ግን አይሆንም። ጋሼ ዓይተው ጣታቸውን ነክረው አሸተቱ፣ በጨርቅ ጠረጉና መሪው ጋ ተመለሱ። ዕቃው አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ እንደሚገኝ፣ ግራና ቀኙ አንድ ላይ መቀየር እንዳለበት፣ ኩሽኔታውም ሲፈታ መታየት እንዳለበት አዳማ እስክንደርስ ዘርዝረው ነገሩኝ። ቅዳሜ 8 ሰዓት ጋራዥ እንገናኛለን።